የባለጉዳዩ ስም

«አከራይዋን ዘግቻታለሁ፤ ሻምበሉንም ዘግቼዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት ያልተቋጨላት፤ እሷም ብትሆን ስምንት ወር ሙሉ ምንም እንቅስቃሴ አላሳየችም።»

ታላቅ ወንድሟ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ቆሞ ይህን በስልክ ለአንድ ሰው ሲናገር ደራሲዋ የሰማችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጥርስ ብሩሽ በአፏ እንደ ያዘች ነበር። አከራይዋ፣ ሻምበሉና ልብስ ሰፊዋ ሥጋና ደም ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ እሷ ለሬዲዮ የምትጽፈው ሳምንታዊ ድራማ ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ መኖሪያቸውም የእሷ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እነሱን ሊዘጋ የሚችለው ያንን ኮምፒውተር የከፈተ ሰው መሆኑን ለመረዳት ብሩሹን ከአፏ ማውጣት አላስፈለጋትም። አረፋውን እንደ ያዘች ወደ ምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ሮጠችና ማሽኑን አበራች።

በስክሪኑ ላይ ለዓመታት ያልተለወጠ አንድ ሥዕል አለ፤ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ከበላዩም ሰፊ ሰማይ። ደራሲዋ እያንዳንዱን ትዕይንት በየራሱ ፋይል ትጽፋለች፤ ለፋይሎቿ ስም የመስጠት ትዕግሥት ግን ኖሯት አያውቅም። «አዲስ»፣ «አዲስ አዲስ»፣ «ይሄኛው ይሻላል»፣ «አትክፈቺው»፣ «በቃ ይኸው» የሚሉ ነበሩ። እሷ የምታውቀው ስማቸውን ሳይሆን ቦታቸውን ነው። የሚያስቁት ትዕይንቶች ሰማዩ ላይ ይበተናሉ፤ የጠብና የክርክሮቹ ውሃው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ አልቆ ለቀረጻ የተዘጋጀው ደግሞ ሸራው ላይ ይሰቀላል። እንግዳ ሰው ቢያየው ዝንብ የወረረው ሥዕል ይመስለዋል፤ እሷ ግን የፈለገችውን ዐይኗን ጨፍና ታነሣለች። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል። ውሃው ረግቷል። ሸራው ነጭ ሆኖ ተወጥሯል። በግራ ጥግ በኩል አንድ ብቸኛ ቢጫ ፎልደር «መዝገብ ቤት» የሚል ስም ተሰጥቶት ተቀምጧል።

ሸራው ላይ የነበረው የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነው። የሚቀረጸውም ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አከራይዋን የምትጫወተው ሴት ነገ ማለዳ ተሳፍራ ልጇ ዘንድ ስድስት ወር ትቆያለች፤ ስለዚህ ፍጻሜው ዛሬ ካልተቀረጸ ፍጻሜ የለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮውን የሰጠ አድማጭም በመጪው እሑድ ሬዲዮውን ሲከፍት የሚጠብቀው ሙዚቃ ብቻ ይሆናል። ሌላ ቅጂ የለም። የዝግጅቱ ኃላፊ ቶሎ የደረሳትን ጽሑፍ ቶሎ ስለምታርም፣ ደራሲዋ ሥራዋን ከቀረጻው ሰዓት አስቀድማ ያለመላክን እንደ መከላከያ ዘዴ ከያዘችው ቆይታለች።

«ወንድም ጋሼ! ኮምፒውተሬን ምን አደረጉት?»

«አየሽው?» አለ፤ ስልኩን ዘግቶ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ መጣ። ፊቱ ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ትሕትና ነበር። «ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል! ያለ ስም፣ ያለ ቁጥር። እታለም፣ አትቀየሚኝና እንዲህ ሜዳ ላይማ እንኳን ሰነድ ድመትም አታድር። መጀመሪያ አፍሽን ታጠቢ።»

አፏን ታጠበች። እየታጠበችም ጥፋቱን በማን ላይ እንደምታላክክ አሰላች፤ ስሌቱም ወደ ራሷ አዘነበለባት። ልጇ ቤት ስትቀይር ልታግዛት ሄዳ ሦስት ቀን ስትቆይ ማሽኑን ያለ መቆለፊያ ትታ የወጣችው እሷ ናት። ወንድሟ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለ፣ ከእጁ አንድ ወረቀት ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ኮምፒውተሮቹ በካርቶን ታሽገው ሲገቡ አለቃው ጠርቶ «እንግዲህ ማሽኑ ያስታውሳል፤ አንተ ደግሞ እረፍ» አለው፤ ዐረፈ። ባረፈ በሳምንቱ ግን የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ተመዘገበ፤ ከልጅ ልጆቹ እኩዮች ጋር ሦስት ወር ተምሮ የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አስገብቶ ሰቀለ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖርበትን ቤት ለቆ ወደ እኅቱ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ይኸው አሥራ አንድ ወር ሆነው። በነዚህ አሥራ አንድ ወራት የወጥ ቤቱን ማሰሮዎች በቁመታቸው፣ የመታጠቢያ ቤቱን ጠርሙሶች በአገልግሎታቸው፣ የጫማ መደርደሪያውን በወቅቱ አደራጅቷል። ያልተነካ የቀረው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ካለ ማሽን ጋር ሦስት ቀን ብቻውን መተው እሳትና ጭድን አንድ ጎተራ አስገብቶ እንደ መሄድ ነው።

ቢጫውን ፎልደር ስትከፍት ሃያ ሦስት ፎልደሮች አገኘች፤ ሁሉም በቁጥር ብቻ የተሰየሙ። አራተኛውን ስትከፍት ውስጡ ያሉት ፋይሎችም በቁጥር ብቻ ተሰልፈዋል። ስም የሚባል ነገር የትም የለም። ለምን ብላ ስትጠይቀው ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የባለጉዳይ ስም ምስጢር እንደ ሆነ፣ በመዝገቡ ጀርባ ላይ ቁጥር እንጂ ስም እንደማይጻፍ፣ ስሙ የሚገኘው መዝጋቢው ዘንድ በሚቀመጠው ባሕር መዝገብ ውስጥ ብቻ መሆኑን አስረዳት። ባሕር መዝገቡንም ከብብቱ አወጣው። ጀርባው በጥቁር ጨርቅ የተጠረዘ፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ ወፍራም ደብተር ነበር። ደራሲዋ ደብተሩን አየችው፤ ወንድሟንም አየችው፤ ከዚያም፣ ምክንያቱን ለጊዜው ለራሷ እንኳ ሳትነግር፣ «ግድ የለም፤ እኔው ራሴ እፈልገዋለሁ» አለች።

ፍለጋው በዘዴ ተጀመረ። የጨረሰችው ከአራት ቀን በፊት ስለ ነበር ፋይሎቹን ሁሉ በተጻፉበት ቀን እንዲሰለፉ አዘዘች፤ ታዘዙላት፤ ነገር ግን ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም በእነዚያው ሦስት ቀናት የተጻፉ ሆነው ተገኙ። ወንድሟ እያንዳንዱን ከፍቶ በቀኝ ራስጌው ላይ የመዝገብ ቁጥሩን ጽፎ አስቀምጦታልና የሁለት ዓመት ሥራዋ በአንድ ሳምንት የተወለደ መስሏል። በቅርብ የተከፈቱትን ስትጠይቅ ማሽኑ እሱ የከፈታቸውን ዘረዘረላት። ለልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ፈልግ የሚለው ሳጥን ላይ ውስጡ ያለ አንድ ቃል ጻፊበት! በቃ!» አለች ልጇ፤ ከኋላዋ የካርቶን መቀደድ ይሰማል። «እኔ እዚህ ድስቴ የት ካርቶን ውስጥ እንደ ገባ አጥቼ ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ዳቦ ነው የምበላው። ምነው ድስትም ፈልግ የሚል ሳጥን በኖረው!»

ጻፈችበት። ደራሲዋ የምትጠቀምበት የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ግን ከልጇ ብዙም በዕድሜ የማያንስ ነው፤ ማሽኑ ፊደሎቹን ለዐይን ያሳያል እንጂ ራሱ አያነባቸውም። «ምንም አልተገኘም» አላት። «በር» ብላ ጻፈች፤ ምንም አልተገኘም። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረበት ድራማ ውስጥ አንድም በር አልተገኘም። የቀረው አንድ በአንድ መክፈት ነው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ያላት ስድስት ሰዓት የማይሞላ ነው። ሆኖም ጀመረች። በአራተኛው ፎልደር ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ከሻምበሉ ጋር ስለ አንድ ሱሪ ርዝመት የተጨቃጨቀችበትን ትዕይንት አገኘች፤ ረስታው ኖሯል፤ ሳቀች፤ ቀጣዩንም ከፈተች፤ እሱም ያስቃል። ቀና ስትል ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል፤ የከፈተችውም ሰባት ፋይል ብቻ ነው። የራስን ጽሑፍ እንደ ማንበብ ያለ ጊዜ የሚበላ ሥራ የለም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የዝግጅቱ ኃላፊ ደወለች። ይህች ሴት ጥያቄን ከሰላምታ የምታስቀድም ናት።

«ደረሰ? እንዴት አደርሽ?»

«ደርሷል። ማለቴ አልቋል። እየፈለግሁት ነው።»

«የምን መፈለግ? የራስሽን ነገር? እኅቴ፣ ልቤን አታድርቂው። ስድስቱም ተዋንያን ተጠርተዋል። አከራይዋ ሻንጣዋን ዘግታ ነው የምትመጣው። ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀት እጄ ላይ ከሌለ ስቱዲዮውን ለስፖርቶቹ ነው የምለቀው፤ እነሱ እንደሁ በሩ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት።»

ደራሲዋ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ወንድሟ ወዳለበት ዞረች። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ ባሕር መዝገቡ ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው በጎኑ ተጋድሟል። መነጽሩን አድርጓል። በመካከላቸው የስኳር ዕቃና ያልተነሣ የቁርስ ሳህን ብቻ ቢኖርም፣ አቀማመጡ ከአንዲት ጠባብ የመስኮት ቀዳዳ በስተጀርባ የተቀመጠ ያህል ነበር። ሳትፈልግ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«የባለጉዳዩ ስም?» አለ።

«የመጨረሻው ክፍል ነው ወንድም ጋሼ።»

«ክፍል ስም አይደለም። ጉዳዩ የማን ነው?»

«የሁሉም ነው። ሁሉም አሉበት።»

«የሁሉም የሚባል ጉዳይ የለም» አለ በእርጋታ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ አንድም አልገጠመኝም። ሁሉም ባለበት ጉዳይ አንድ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም። መዝገቡ የሚከፈተው በእሱ ስም ነው።»

ደራሲዋ ያንን ሰው በሚገባ ታውቀዋለች። ከአሥራ አንድ ወር በፊት፣ የአድማጭ ደብዳቤ ቀዝቅዞ ኃላፊዋ ፊቷን ማጥቆር በጀመረችበት ሰሞን፣ ድራማው ውስጥ አንድ አዲስ ሰው ገብቶ ነበር፤ የአከራይዋ ታላቅ ወንድም። ይህ ሰው የግቢውን ተከራዮች በመግቢያ ሰዓታቸው ይመዘግባል፤ ማንኪያ ይቆጥራል፤ የውሃ ባልዲዎችን ቁጥር ይቀባል፤ ሰላም ሲሉት «የትኛው ጉዳይ?» ይላል። አድማጩ «ቆጣሪው» የሚል ስም አወጣለት፤ ደብዳቤው ጎረፈ፤ ሕፃናት በየመንገዱ አነጋገሩን ያስመስሉ ጀመር። ወንድሟ ድራማውን ሰምቶት አያውቅም፤ የሚተላለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ የእግር ጉዞ በሚያደርግበት ሰዓት ነው። እሷም በዚህ ተጽናንታ ኖራለች። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ አከራይዋ ትዕግሥቷ አልቆ ያንን ወንድሟን ሻንጣውን አስይዛ ከቤት ታስወጣዋለች። እስከ ዛሬ ከጻፈቻቸው ሁሉ የሚያስቅ እሱ ነበር። አሁን ግን ያንን ለማግኘት ጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ሰው ምን እንደ ሆነ በገዛ አፏ መንገር አለባት።

በዙሪያው መዞር መረጠች። «አከራይዋ በር ላይ ትቆማለች።»

«አከራይዋ በር ላይ የቆመችበት ስድሳ ሦስት ነው።»

«ሻንጣ አለበት።»

«ሻንጣ ያለበት አሥራ አንድ።» ገጽ ገለጠ። «የሻምበሉ ሦስት፣ የልብስ ሰፊዋ ሁለት፣ የተማሪዎቹ አምስት…»

«ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ አለ።»

«ነፋስ አልመዘገብኩም።»

«አንድ ሰው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል።»

«ማን?»

ማቀዝቀዣው አጉረመረመና ዝም አለ። ከጎረቤት ባልዲ ሲሞላ ይሰማል፤ ባልዲው ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ የዘጋው ሰው ግን የለም። የግድግዳው ሰዓት ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ደራሲዋ ለሬዲዮ የሚሆን ዝምታ ስትጽፍ በቅንፍ ውስጥ «ሦስት ሰከንድ» ትላለች፤ ይኼኛው በሰከንድ የሚሰፈር አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ወንድሟ» አለች በመጨረሻ። «አከራይዋ ወንድሟን ታስወጣዋለች።»

እሱ አንድም ገጽ አልገለጠም። ጣቱ አስቀድሞ እዚያው መስመር ላይ ነበረች። «አሥራ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ» አለና ደብተሩን ወደ እሷ አዞረላት። በጥንቃቄ በተጻፈ ክብ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ባለጉዳይ፣ ወንድም። ጉዳዩ፣ ከቤት ስለ መሰናበት። ውሳኔ፣ ተሰጥቶበታል።

«ያውቁት ነበር» አለች።

«ባለጉዳይ አፍ አውጥቶ ካልጠየቀ መዝገብ አይወጣም። አሠራሩ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። እርስዎን አይደለም…»

«እኔም ስቄአለሁ» አለ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። «ባልዲዎቹን የቀባበት ላይ ብቻዬን ሆኜ ስስቅ ጎረቤት ግድግዳ መትቶብኛል። ጎበዝ ነሽ፤ ሐሰት አልናገርም። አንድ ስሕተት ብቻ አለ። እኔ ማንኪያ ቆጥሬ አላውቅም። ሹካ ነው። ማንኪያማ ሁልጊዜም ሙሉ ነው፤ የሚጠፋው ሹካ ነው።»

ሳቋ መጣባት፤ ዕንባዋም አብሮ መጣ፤ ሁለቱም በር ላይ ተጋፍተው አንዳቸውም ሳይወጡ ቀሩ። እሱ መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ ጠዋት በስልክ ያነጋገረው የድሮ ባልደረባው መሆኑን፣ እሱም እንደሱ ብቻውን የቀረ ጡረተኛ ስለ ሆነ አንድ ትርፍ ክፍል እንዳለው፣ ከሰኞ ጀምሮም አብረው ለመኖር መነጋገራቸውን፣ ክፍሉ መስኮት ያለው መሆኑን ነገራት። የነገራት የአውቶብስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው። በእሱ እምነት ሰው በአፉ የሚለው ብዙ ነው፤ የተጻፈ ግን ውሳኔ ነው። እሷም ተቀምጣ አሰበች፤ ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ «ይሂዱልኝ» ብላ በልቧ እንኳ አንድ ቀን አላሰበችም። በወረቀት ላይ ግን አስባዋለች ማለት ነው፤ ያውም ሃያ ገጽ ሙሉ።

«እለውጠዋለሁ» አለች። «አሁኑኑ። ሰዓት አለኝ።»

«አይደረግም!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ለእኔ ተብሎ መዝገብ አይነካም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስንቱ በጓሮ በር መጥቶ ‹ይቺን ቃል ብቻ› ሲለኝ፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አሁን በጡረታዬ አታሰድቢኝ። በፍላሹ ገልብጪና ውሰጂ። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ፤ መዝገብ ከቤት ሲወጣ መዝጋቢው ይከተለዋል።»

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰንብቷል። በስፖንጅ የተለበጠ ግድግዳ፣ የተበላ ምንጣፍ፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ በመስታወት የተከለለ የቴክኒሻን ክፍል። ደራሲዋ ከስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብላ ጽሑፉን አሳትማ ስታከፋፍል ኃላፊዋ ወደ ሰማይ አይታ ተነፈሰች። ቆጣሪውን የሚጫወተው ወፍራም ተዋናይ በመደበኛ ሥራው መነጽር ሻጭ ነው፤ ወንድሟን ገና ሲያየው «ጋሼ፣ መነጽርዎ በግራ በኩል ዘሟል» አለና አውልቆ በሁለት ጣቱ አቃንቶ መለሰለት። ለወራት ማንን ሲያስመስል እንደ ኖረ አላወቀም። ወንድሟም አመስግኖ መስታወቱ ጀርባ፣ ቴክኒሻኑ አጠገብ ካለች ወንበር ላይ ባሕር መዝገቡን በጉልበቱ ይዞ ተቀመጠ።

ልምምዱ እስከ መጨረሻው ገጽ በሳቅ ሄደ። በመጨረሻው ገጽ አከራይዋ «እንግዲህ በሩ ያውልዎት» ትላለች፤ እርምጃ ይሰማል፤ በር ይዘጋል፤ ሙዚቃ። ወፍራሙ ተዋናይ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው።

«ቆይ፣ ከዚህ ወጥቼ የት ነው የምሄደው?»

«ወንድሜ» አለች ኃላፊዋ፣ «እርምጃህ ይሰማል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። የት እንደምትሄድ ደመወዝህ ውስጥ የለም።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን እርምጃዬን እንዴት ልራመደው? የሚሄድበት ያለው ሰውና የሌለው ሰው አረማመዳቸው አንድ ነው እንዴ?»

ሁሉም ደራሲዋን አዩአት። ይህን ጥያቄ ከእሷ ቀድሞ ተዋናዩ መጠየቁ አሳፈራት። በዚህ መካከል መስታወቱ ጀርባ ያለው ሽማግሌ እጁን እንደ ተማሪ አነሣ። ቴክኒሻኑ የማነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነለት፤ ድምፁም በክፍሉ ጣሪያ በኩል ገባ።

«ይቅርታ፤ ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሂድ ስላሉት ብቻ አይወጣም። መጀመሪያ ያስረክባል።»

«ምኑን?» አለች ኃላፊዋ።

«በእጁ ያለውን ሁሉ። አንድ የክፍል ቁልፍ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራት፣ አሥራ አንድ ሹካ። በዝርዝር ጽፎ ያቀርባል። ተረካቢው ሳይፈርምለት ከበሩ አያልፍም፤ ቢያልፍ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ሐሰት ይሆንበታል።»

«ካልፈረሙለትስ?» አለ ወፍራሙ ተዋናይ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ።

ሽማግሌው አሰበ። ይህ ያልገጠመው ጉዳይ መሆኑ ያስታውቅበታል። «እስኪፈርሙለት ይቆማላ» አለ።

ኃላፊዋ ሰዓቷን፣ ቀጥሎ ደራሲዋን አየች። ሁልጊዜ የምታርመው ወረቀት ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ «ቅዳ» ብላ ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠች። እስከ መጨረሻው ገጽ እንደ ተጻፈው ሄዱ። አከራይዋ «እንግዲህ በሩ ያውልዎት» አለች። እርምጃ አልተሰማም። ወፍራሙ ተዋናይ በእጁ ያለውን ወረቀት አንድ ጊዜ አንኮሻኮሸና፣ እስከ ዛሬ ሰው ሲስቅበት በኖረው በዚያው ድምፅ፣ ግን ዝግ ብሎ፣ «አንድ ቁልፍ። ሁለት ብርድ ልብስ። አንድ የጠረጴዛ መብራት። ሹካ አሥራ አንድ፤ አሥራ ሁለተኛው እኔ ሳልመጣ የጠፋ ነው። እዚህ ላይ ፈርሚልኝ» አለ።

አከራይዋን የምትጫወተው ሴት ወረቀቷን አየች፤ ወረቀቷ ላይ ምንም የለም። ቴክኒሻኑ መቅጃውን ለማቆም እጁን ሲሰድ ሽማግሌው ክንዱን ያዘው።

«እስክሪብቶ የለኝም» አለች ሴትየዋ።

«እኔ አለኝ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

«አነብልሻለሁ።»

«ነገ ያነቡልኛል።» ድምፅዋ ተሰበረና መልሶ ተቃና። «ዛሬ ደክሞኛል። ይግቡና በሩን ይዝጉት፤ ብርድ ገባ።»

በሩ ተዘጋ። ሙዚቃ አልገባም፤ ማስገባቱን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ኃላፊዋ ጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀችና ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው «ይኼ ምኑ ነው ፍጻሜው? ሰውየው እንደሁ አልሄደም» አለች። ቅሬታ ግን አይመስልም ነበር። ወፍራሙ ተዋናይ መስታወቱን እያንኳኳ «ጋሼ፣ የእርስዎን መነጽር በነፃ ነው የምቀይረው» ይል ነበር።

ደራሲዋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ አፏ ውስጥ የገባው ነገር ቢኖር የጥርስ ሳሙና ብቻ ነውና ከደረጃው አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ አንድ ብርጭቆ ገዛች። በአንድ እጇ ብርጭቆውን፣ በሌላው ከተዋንያኑ የሰበሰበችውን የጽሑፍ ክምር እንደ ያዘች ወንድሟ ተከትሏት መጣ። ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከኮቱ ኪስ በቀጭን ገመድ የታሰረ አንድ ቁልፍ አወጣ። የክፍሉ ቁልፍ ነው።

«እታለም፣ ሰኞ ነገ ከነገ ወዲያ ሊደርስ ነው። እኔም እንግዲህ ይህቺን…»

ደራሲዋ ቁልፉን አየችው። ከዚያ ቀኝ እጇን አየች፤ ብርጭቆው ትኩስ ስለ ነበር ጣቶቿን ይለበልባት ነበር። ግራ እጇን አየች፤ ወረቀቱ ሊንሸራተት ደርሷል።

«በየትኛው እጄ ልቀበልዎት ወንድም ጋሼ?» አለችው።

ወንድሟ ብርጭቆውን፣ ቀጥሎ ክምሩን ተመለከተ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሁለት እጁ ሞልቶበት አይቶ አንዱን ሳይቀበል ያለፈበት ቀን አልነበረም። ቁልፉን በገመዱ እንደ ያዘው ጥቂት ቆየ፤ አየር ላይ አንድ ጊዜ ዞረና ቆመ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ቀስ ብለሽ ጠጪ፤ ያቃጥላል» አላት። ልያዝልሽ ግን አላላትም።